ደሟ ቀድሞ ነግሮን ነበር

ይህ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቡሬ ከተማ ሦስተኛ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ነው። ዘመኑ ቢርቅም፣ ነፍሰ ጡር ሴት ፊቷ ሞላ ብሎ ባየሁ ቁጥር ያ የሐምሌ ቀን ይመጣብኛል።

ባለቤቴ ገበያው ዳር ጨውና በርበሬ ይቸረችራል፤ እኔም አግዘዋለሁ። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ ለጥናት የመጡ ሐኪሞች የነፍሰ ጡሮችን ደም ይወስዱ ነበር። ሲስተር መሠረት የምትባል ወጣት አዋላጅ ሰብስባ አስረዳችን።

"አንዳንዷ ሴት እርግዝናዋ ሲገፋ የደም ግፊቷ ድንገት ይወጣና ያንዘፈዝፋታል። እናትንም ልጅንም ሊያሳጣን ይችላል። እንግዴ ልጁ ሲታወክ ግን በእናትየዋ ደም ውስጥ ምልክት ይታያል። እብጠቱ ሳይመጣ፣ ግፊቱ ሳይወጣ ያንን ምልክት ቀድመን ማግኘት ነው የምንፈልገው" አለችን። ደሙ አዲስ አበባ ሄዶ ይመረመራል፤ አደጋ የታየባት ካለች ይነገራታል።

ተራችንን ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ጥሩወርቅ ነበረች። ከገጠር የመጣች፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ልጅ እግር ናት። መርፌውን ፈርታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

"እቴ፣ ደማችንን ይሸጡታል ይላሉ፤ እውነት ነው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"የእኔና ያንቺን ደም ደግሞ ማን ይገዛዋል?" አልኳት።

እንደዚያ ትስቃለች ብዬ አላሰብኩም። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ሳቀች። ከዚያ ከነጠላዋ ጫፍ የሽምብራ ቆሎ ፈትታ ዘገነችልኝ። ባሏ አያሌው እንደሚባል፣ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ትልቁ ዋንዛ ሥር እንደሆነ ነገረችኝ። "ክረምቱ ይውጣና ነይ፤ እርጎ አጠጣሻለሁ" አለችኝ። ተራዋ ሲደርስ እጄን ይዛ ገባች። መርፌው ሲወጋት ጣቶቼን ጨመቀቻቸው።

ሳምንታት አለፉ። ሐምሌ ላይ ለክትትል ስመለስ ሲስተር መሠረት ወረቀት ይዛ ወደ እኔ መጣች። 

"ያንቺ ደህና ነው፣ ዘይነባ" አለችኝ።

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ። እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም።

"ያን ቀን አብራሽ የነበረችው ጥሩወርቅ ለቀጠሮዋ አልመጣችም። ደሟ ላይ የታየው ጥሩ አይደለም። ዛሬውኑ ላገኛት ይገባል።"

ስልክ ያኔ በከተማው እንጂ ገጠሩ ውስጥ ገና አልገባም። ሲስተሯ ለአገሩ እንግዳ ናት፤ ቀበሌውን እንጂ ቤቱን አታውቅም። እኔ አሳይሻለሁ አልኳት። ባለቤቴ፣ "በዚህ ጭቃ? በዚህ ሆድሽ?" ብሎ ተቆጣ። ነገሩን ስነግረው ዱላውን አቀበለኝ። "በይ ቀስ ብለሽ ሂጂ" አለኝ።

ጭቃው ጫማችንን እየነጠቀን ዋንዛው ሥር ደረስን። "ቤቶች!" ብንል የሚመልስ የለም። አያሌውን ከቤቱ በታች ሲያርስ አገኘነው።

"ለወሊድ እናቷ ዘንድ ወስጃታለሁ። የመጀመሪያ ልጅ አይደል፣ ወጉ ነው። ከፈጣም ወንዝ ማዶ ናት" አለን።

"ራሷን ያማት ነበር?" አለችው ሲስተሯ።

"ያማታል። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛልም ትላለች። ከጭሱ ነው ብለን…"

ሲስተሯ ምን ብላ እንደነገረችው ዛሬ አላስታውስም። አያሌው ግን በሬዎቹን ከነቀንበራቸው እማሳው ውስጥ ትቶ ሮጠ።

ፈጣም ሞልቶ ነበር። መሻገሪያው የተጋደመ ግንድ ነው። አያሌው ተመልሶ እኔንም ሲስተሯንም በየተራ እጃችንን ይዞ አሻገረን። ማዶ ላይ ሆነን ሽቅብ ስናይ የእናቷ ደጅ ሰው ሞልቶበታል። አያሌው ያን ጊዜ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። እኛ አልፈነው ገባን።

ጥሩወርቅ መደብ ላይ ተኝታለች። ጠዋት አንዘፍዝፏት ምላሷን ነክሳለች። ፊቷ አብጦ ያችን ሴት አትመስልም። ስሟን ብጠራት ዓይኗን ገለጠች፤ ግን አላወቀችኝም። ከሰዎቹ አንዱ ለክፏት ነው ይላል፣ ሌላው ዛር ነው ይላል። ጸበል ሲረጩ የነበሩት ሽማግሌ ቄስ ሲስተሯን ሲያዩ ከመደቡ ራቅ አሉ። "እኛ የምንችለውን አድርገናል፤ በይ ልጄ፣ አንቺም የምታውቂውን አድርጊ" አሏት። ይዛ የመጣችውን መርፌ ወጋቻትና፣ "አሁኑኑ ሆስፒታል!" አለች።

የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ በዚያው ግንድ ላይ እየተቀባበሉ አሻገሯት። አስፋልቱ ላይ ያገኘነው አይሱዙ በቆሎ ጭኖ ነበር። ሹፌሩ አንድም ሳይጠይቅ ጆንያውን አደላድሎ አሳፈረን። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ እናቷ እማማ የሺ ራሷን ታቅፈው፣ እኔ እግሯን ይዤ ሄድን።

ሆስፒታል ሐኪሞቹ ተሯሯጡ። ሴት ልጅ አወጡ፤ እፍኝ የምታህል፣ ግን የምታለቅስ። ጥሩወርቅ አልነቃችም። ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ፈስሷል አሉን።

በረንዳው ላይ እማማ የሺ ሲስተር መሠረትን አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ደሟ ነው ይህን የነገረሽ?" አሏት።

"አዎ፣ እማማ።"

"ፊቷ ሳያብጥ በፊት?"

"አዎ። ውጤቱ እኔ ዘንድ የደረሰው ግን ዛሬ ነው።"

"እኔ እኮ እናቷ ነኝ" አሉ እማማ የሺ። "ቤቴ ስትመጣ ፊቷ ሞልቶ ባይ፣ ልጄ አማረባት ብዬ እልል አልኩ። ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ።"

ሲስተሯ አቀፈቻቸው። ተያይዘው አለቀሱ። ጥሩወርቅ በማግስቱ አረፈች።

ለለቅሶ ስሄድ ያ ግንድ በጎርፍ ተወስዶ በሌላ በኩል ዞርኩ። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴትዮ በሻርፔ ባዳ መሆኔን አይታ፣ "አንቺ ደግሞ ምኗ ነሽ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ዘመዷ አይደለሁ፣ ጎረቤቷ አይደለሁ።  እማማ የሺ ከተቀመጡበት ሰሙና፣ "ተዪአት፤ ልጄን ፍለጋ የመጣች ናት። አምጧት፣ እኔ ዘንድ ትቀመጥ" አሉ።

እኔ መስከረም አልፎ በሰላም ተገላገልኩ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ደህና ነው የተባልኩበት ቀን እሷ የወደቀችበት ቀን ነውና። ማንንም አልወቅስም። ደሟ ተናግሮ ነበር፤ ንግግሩ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ቀደመን። ዛሬ የሰፈሬ ነፍሰ ጡር ራሴን አመመኝ ስትል ከሰማሁ፣ የደም ግፊቷን እስክትለካ ድረስ እረፍት አልሰጣትም። አንዳንዶቹ ይሰለቹኛል፤ ይሰልቹኝ።

ልጅቷን እማማ የሺ አሳደጓት። ለገበያ ሲመጡ ይዘዋት ሱቃችን ይገባሉ። ልጅቷም ስለ እናቴ ንገሪኝ ትለኛለች። እኔ ጥሩወርቅን ደህና ሆና የማውቃት አንዲት ጠዋት ብቻ ነው። ያችኑ እነግራታለሁ። ስጨርስ ሌላም ያለ ይመስላትና ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "ከዚያስ?" ትለኛለች።