የእትዬ ውዳሴ ተክል

ተክል አያለቅስም። ይህን በመናገሬ ስንት ሰው እንደተቀየመኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅነቴን ላፍቶ ከአባቴ ጋር ጤፍ ሳርም፣ መሬታችን ለሌላ ሰው ከተሰጠ ወዲህ ደግሞ ጎፋ በሰው ግቢ አበባ ስኮተኩት ኖሬያለሁ፤ ሰው ሞተብኝ ብሎ የጠወለገ ቅጠል ግን አላየሁም። ውሃ ሲያንሰው ይጠወልጋል፣ ሲበዛበትም ይጠወልጋል፤ ሌላው ወሬ ነው።

አቶ ቦጋለ ይህ አይገባቸውም ነበር። እሳቸው ነፋስ ስልክ ጣቢያ ቴሌግራም ተቀባይ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ጢጥ ጢጥ ሲል የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። አለቃ ያዘዘውን ያደርጋሉ፣ የተከለከለውን አይነኩም። እኔ በምሠራበት ግቢ በር ላይ «እዚህ መቆም ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ የሐምሌ ዝናብ እየደበደባቸው እንኳ ከበሩ ጥላ ሥር አይጠጉም። ሰፈርተኛው ከኋላቸው «ቦጋለ ትእዛዝ» እያለ ያማቸው ነበር፤ እኔም አምቻቸዋለሁ፣ ምን እዋሻለሁ!

ባለቤታቸው እትዬ ውዳሴ ሌላ ፍጥረት ነበሩ። በአጥር አሻግረው «ጉርሜሳ፣ ያቺን ሰፋፊ ቅጠል ቆርጠህ ካልሰጠኸኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!» ብለው ከፈረንጅ አሠሪዎቼ ተክል አንድ ቅርንጫፍ ያስቆረጡኝ እሳቸው ናቸው። የተክሏን ስም ፈረንጆቹ ያውቁታል፤ እኔ ሰፊ ቅጠል ነው የምላት፣ ሳሎን ውስጥ የምትቀመጥ ናት። በዘይት ቆርቆሮ ተክለው መስኮቱ ሥር አኖሯት። ልጅ አልነበራቸውም። ተክሏ ከወገባቸው በላይ ስታድግ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄን እዩልኝ» እያሉ ይስቁ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እትዬ ውዳሴ ሆዳቸውን ታመው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። አርባቸው ሳይወጣ ታናሽ እህታቸው ፀሐይወርቅ እሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። «ና እባክህ ጉርሜሳ፣ ተክሏ ልትሞት ነው፤ ጋሼ ደግሞ ከፊቷ አልነሳ ብሏል» አለችኝ።

ስገባ አቶ ቦጋለ ጥቁር ለብሰው ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ተክሏ ቅጠሎቿን ሁሉ ቁልቁል ለቃለች፤ ጫፋቸው ደርቋል፣ ግንዷ ከሥሩ ጠቁሯል።

«አየህ ጉርሜሳ» አሉኝ። «ውዳሴን ልትከተላት ነው። ሐዘኑን አልቻለችም።»

«ኧረ ወዲያ! ተክል አያለቅስም፣ ጌታዬ» አልኩ፤ መቼስ አፌ አያርፍ። ፀሐይወርቅ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ይቺ ከሞተችብኝ» አሉ አቶ ቦጋለ፣ «ውዳሴ ከዚህ ቤት ጨርሳ ወጣች ማለት ነው። አድንልኝ።»

ጎንበስ ብዬ አፈሩን በጣቴ ወጋሁት። ጭቃ ነው። ቆንጥሬ አወጣሁና አሸተትኩ። ያ ዋቃዮ! ምስር ወጥ ይሸታል! ደግሜ አሸተትኩ፤ ሳሙናም አለበት። ቆርቆሮውን ዘንበል አድርጌ ታቹን ባይ አንድም ቀዳዳ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ተኝቶ ቀርቷል።

«ለቅሶው ላይ እጅ ያስታጠበ ማነው?» አልኩ።

ፀሐይወርቅ መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። እድርተኛው ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ሞልቶ ሲበላ፣ ደጁ በሰው ተጨናንቆ፣ አስታጣቢዎቹ እጣቢውን ይዘው የት ይሂዱ? እዚያው መስኮት ሥር ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ደፉት። አንዱ ሲደፋ ያየ ሌላው ደፋ። አንዳንዷማ «ምስኪን፣ አሁን ማን ውሃ ይሰጣታል» ብላ ጨምራላት ይሆናል። እንዲህ ያለ አዘኔታ ገደል ይግባ! የሰፈሩን ሰው ሁሉ የእጅ ጨውና ቅባት ጠጥታ እንዴት ቀና ትበል?

ደጅ አውጥቼ ነቀልኳት። ሥሯ ጠቁሮ፣ ስይዘው እንደ በሰበሰ ጎመን እጄ ላይ ይፈርሳል። የሞተውን በቢላ ቆርጬ ስጥል የተረፈው እፍኝ አይሞላም። እሱን በንጹሕ ውሃ አጠብኩት። ቅጠሎቿንም ግማሹን ቀነስኩ፤ ያቺን ታህል ሥር ያን ሁሉ ቅጠል አትቀልብማ። የቆርቆሮውን ታች በሚስማር በሳሳሁና የወንዝ አሸዋ ከአፈር ደባልቄ መልሼ ተከልኳት፣ ከሥሯም ሳህን አደረግኩላት። እውነቱን ለመናገር ተስፋ አልነበረኝም። ምን በወጣኝና ነው ይህን እሳቸው ፊት የምናገረው?

«ጌታዬ» አልኳቸው፣ «አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሁለት ሳምንት ውሃ አይስጧት። የተጠማች ትመስላለች፣ ዝም ይበሏት። ውሃ ከነካት አለቀላት።»

«ጠብታ እንኳ?» አሉ።

«ጠብታ እንኳ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ ግን ምንም አልጠረጠርኩም፤ እሳቸው ክልከላ ሲጥሱ ማን አይቶ ያውቃል ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በሳምንቱ ጎራ ስል ግንዷ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል እንቡጥ ብቅ ብላለች። «ኑ እዩ! ኑ እዩ!» ብዬ ቤቱን በጩኸት አናጋሁት። አቶ ቦጋለ ተነሥተው አቅፈው ሳሙኝ። ከለቅሶው ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ተሞኘሁና ትድናለች ብዬ አመንኩ።

ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። እንቡጧ ጠቁራለች። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ስከት ጭቃ! ሳህኑም እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል። ቆሽቴ አረረ።

«ማነው ያጠጣት? ፀሐይወርቅ ናት አይደል?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ቦጋለ።

«እርስዎ? ሌላው ቢያደርገው እርስዎ ያደርጉታል? ጠብታ እንኳ አላልኩም? ገደሏት እኮ! በእጅዎ ገደሏት!» ብዬ ጮኽኩባቸው። እሐዘን ቤት ውስጥ፣ በአባቴ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ! ያኔ አፌን በቆረጠው።

አልተቆጡኝም። ባዶ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው እሱን እሱን ያያሉ።

«ውዳሴም ውሃ ስጠኝ ብላኝ ነበር» አሉ።

ጭቃውን ከጣቴ ጠረግሁ።

«ሆዷን ከቀደዷት በኋላ። ሐኪሙ ጠብታ እንኳ እንዳትሰጣት አለኝ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ‹ቦጋለ በሞቴ፣ ምላሴን እንኳ አርስልኝ› ስትለኝ ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር፣ ጉርሜሳ። ሁለት ቀን ለመነችኝ። ታዝዣለሁ ብዬ ከለከልኳት። ሐኪሙ ልክ ነበር ይሉኛል፤ ይሁን፣ ልክ ነበር። ግን ሞተች። ተጠምታ ሞተች፣ የከለከልኳት ደግሞ እኔ ነኝ።» ወደ ተክሏ ዞሩ። «ይቺ ቅጠሏን ጥላ ስታየኝ ሳምንት ቻልኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።»

ገና አንድ ሁለት ነጭ ሥር ቀርቷት ይሆናል። እንደገና ነቅዬ፣ አድርቄ፣ እኔ ቤት ወስጄ ልሞክራት እችል ነበር፤ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እጄን ዘረጋሁላቸው።

«ብርጭቆውን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ደጅ ወጥቼ ከበርሜሉ ሞላሁና አምጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት። አቶ ቦጋለ ተንበርክከው፣ የታመመ ሰው እንደሚያጠጡ ሁሉ ቀስ እያሉ ግንዷ ሥር አፈሰሱት። «ጠጪ» አሉ፣ «ጠጪ የኔ እመቤት።»

ባዶውን ሲመልሱልኝ ደግሜ ሞላሁላቸው።