የዘንዶው ሙሽራ በነቀምቴ

ድርቤ ትምህርቷን ያቋረጠችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ አባቷ ለጉሉማ ሲድራት። ከትምህርት ቤት የቀራት አንድ የተረት መጽሐፍ ብቻ ነበር። ለልጇ ለቀለሟ ደጋግማ አንብባላታለች። በመጽሐፉ አንድ አባት ልጁን ለዴዴሳ ወንዝ ዘንዶ ይድራል። ልጅቱ ግን በሠርጓ ዕለት ወንዙን ተሻግራ ትሄዳለች። አባትየው ወንዝ ዳር ተቀምጦ ስሟን ሲጣራ ያረጃል፤ እሷ አትመለስም።

ቀለሟ ስድስተኛ ክፍል ስትገባ ለልጃቸው ሊጠይቋት ከዲጋ ሽማግሌዎች መጡ። ጉሉማ መልሱን ከንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል በኋላ እሰጣለሁ አለ። ድርቤ አልተከራከረችም፤ ክርክር ጠቅሟት አያውቅም። ለበዓሉ ትምህርት ቤቱ ያንኑ ተረት በአውራጃው ገዢ ፊት በቴአትር እንደሚያሳይ ስትሰማ ግን፣ ጉሉማ ያንን ወንዝ ዳር ያረጀ አባት ቢያየው ምናልባት ልቡ ይራራ ይሆናል ብላ አሰበች።

«ከመጽሐፌ የተወሰደ ነው፤ እንሂድ» አለችው።

«ከመጽሐፍ ከሆነማ እውነት አይጠፋበትም» አለ። ማንበብ ስለማይችል መጽሐፍ ያከብራል።

ዘንዶው ከጆንያ የተሰፋ፣ ሁለት ተማሪዎች ውስጡ የገቡበት ነበር። «ኧረ ወገቡ ተቆረጠ!» ብሎ አንዱ ሲጮህ አዳራሹ ሳቀ። ድርቤ የባሏን ፊት ታያለች። ሙሽራዋ ወንዙ ዳር ደረሰች፤ ደረሰችና ተመልሳ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ጆንያው ተገፈፈና ካባ የለበሰ ጎልማሳ ወጣ። እልልታው ቀለጠ። ጉሉማም አጨበጨበ።

ድርቤ በር ላይ ቴአትሩን ያዘጋጀውን መምህር ገብረክርስቶስን አገኘችው።

«የኔታ፣ መጨረሻው ተለውጧል።»

«ምን ላድርግ፣ እትዬ ድርቤ? አባቷን ጥላ የምትሄድ ልጅ ገዢው ፊት ላቅርብ? ተረት ነው እኮ!»

«እንደተለወጠ ለባለቤቴ ይንገሩልኝ።»

«ሌላ ቀን» አለና ወደ እንግዶቹ ሄደ።

ቤት ስትገባ መጽሐፉን አውጥታ አነበበችለት። ጉሉማ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ማሊ! ምን ማለትሽ ነው! እኔ ፊደል ስለማላውቅ የፈለግሽውን ታነቢያለሽ። በዓይኔ ያየሁት ይበልጣል።»

«አባ፣ እውነቷን ነው፤ እኔም አንብቤዋለሁ» አለች ቀለሟ።

«ያንቺማ ይታወቃል!» ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጉሉማ የሽማግሌዎቹን አንጋፋ፣ ነገራ የሚባለውን፣ «ልጃችሁ ዘንዶ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

«ቢሆንስ ምን ትፈራለህ? ካባ ለብሶ ይወጣል!» አለ ነገራ፤ እሱም ቴአትሩን አይቷል።

ሁሉም ሳቁ። «እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አለ ጉሉማ።

እናትና ልጅ ከጓዳ ሆነው ሰሙት። ቀለሟ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። «አዮ፣ አሁን እኔ ምን ልሁን?»

ድርቤ ድስቱን ከምድጃው አወረደች።

«ምግቡ ደርሷል» አለች። «ውጪና እጃቸውን አስታጥቢ።»

ልጅቱ ቀሚሱን ለቀቀች። ማስታጠቢያውን አንሥታ ወጣች።