ከጎሚኒው ሥር የተተከለ ድንኳን

ጋሼ መሸሻ ቤቴል ላይ ወተት ቤት የከፈቱት ከባዮሎጂ መምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ነው። ጠመኔውን ቢያስቀምጡም አመሉ አልለቀቃቸውም፤ የወተቱን በርሜል በፈላ ውሃ ሲያጥቡ፣ ማጠቢያው ውሃ ላይ በረኪናውን በብልቃጥ ለክተው ሲጨምሩ ያየ ሰው ቤተ ሙከራ የገባ ይመስለዋል።

እንዲህም ሆኖ የጤና ተቆጣጣሪዋ ወስዳ ያስመረመረችው ወተት ጀርም ተገኘበት። «ሐሙስ ደግሜ እወስዳለሁ። ያኔም ከተገኘ ቤቱ ይታሸጋል» ብላቸው ሄደች።

ጋሼ በረኪናውን እጥፍ አደረጉት። ወተቱ መዋኛ ገንዳ መዋኛ ገንዳ ሸተተ እንጂ የተለወጠ ነገር የለም።

ጭንቀታቸውን የሰማችው የወንድማቸው ልጅ ሄቨን፣ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ናትና፣ መጥታ በርሜሉን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ የመቅጃውን ቧንቧ ፈተውት ያውቃሉ?»

«ደህና የሚሠራ ነገር ይፈታል እንዴ?»

ፈታችው። መጋጠሚያው እንዳያፈስ ከገባው የጎማ ቀለበት፣ ከጎሚኒው ሥር እንደ ተልባ የሚያዳልጥ ዝልግልግ ነገር በጣቷ ዝቃ አወጣች።

«ይኸውልዎ፣ ባክቴሪያዎቹ።»

«እኔን ልታስተምሪ? ባክቴሪያ ብቸኛ ፍጥረት ናት! በእኛ መጽሐፍ ሥዕሏ አንዲት በትር፣ አንዲት ጭራ፤ ስትዋኝ የምትውል።» ድምፃቸው ለስለስ አለ፤ ያችን ሥዕል ስንት ዘመን በባለቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስለዋታል።

«ብቻዋን ስትሆን ልክ ነዎት። ሲበዙ ግን እድር ይመሠርታሉ።»

«እድር ካላቸው ጡሩምባ ነፊም አላቸዋ!»

«አላቸው እንጂ! እርስ በርስ ምልክት ይላላካሉ። ምልክቱ ሲበረክት ዘረመላቸው ውስጥ ‹ዋኙ› የሚለው ትእዛዝ ይዘጋል፣ ‹ሙጫ አውጡ› የሚለው ይከፈታል። ጭራቸውን ጥለው ድንኳን ይተክላሉ። የእርስዎ በረኪና ድንኳኑ ላይ ይዘንባል፤ እነሱ ውስጥ ተቀምጠው ንፍሯቸውን ይበላሉ።»

ባለቤታቸው አልማዜ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። «ለቅሶው ግን የእኛ ነው!»

ጋሼ እጅ ሰጡ። ቧንቧውን ፈታተው በብሩሽ ፈተጉት፤ አዲስ ጎሚኒ ገጠሙለት። ሐሙስ የተወሰደው ወተት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ቤቱም ከመታሸግ ተረፈ።

አሮጌውን ጎሚኒ ግን መጣል አልሆነላቸውም። ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ባንኮኒው ላይ፣ ከእርጎው አጠገብ አቆሙት። በማግስቱ ጎረቤታቸው እሙ ጆግ ይዛ ወተት ልትገዛ ገባች።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ይህን እይ። ከዚሁ በርሜል የወጣ ነው። ዘረመሉ ሲከፈት...»

እሙ ዘረመሉ እስኪከፈት አልጠበቀችም። ጆጓን ይዛ ወደ ማዶው ወተት ቤት ተሻገረች።

አልማዜ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ሸኘቻትና ዞር አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ መንግሥት የማረውን ቤት አንተ ልትዘጋው ነው?»