ዛፍ ላይ የወጣች ድርጭት

እኔ ላቱን ሳልጨብጥ በግ አልገዛም። የእህቴ ባል ግን አይቷት የማያውቃትን ወፍ ይሸጥ ነበር። ወፍ ሊያዩ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች የዱር ድርጭት ታውቃለህ ወይ ሲሉት፣ "ለድርጭት ከእኔ ወዲያ ማን አለ!" ብሎ አስጎብኚያቸው ሆነ። የመጀመሪያውን ቀን ከወደዱለት ሳምንቱን ሙሉ ሊያሠሩት ነው። እኔም በግ ልገዛ ስለምወጣ አብሬያቸው ወደ ጮቄ ተሳፈርኩ።

ተራራው ላይ እንደደረስን የእህቴ ባል አስታ ዛፍ ላይ ወደተቀመጠች ወፍ ጠቆመ። "ያቻትላችሁ!"

"ድርጭት ዛፍ ላይ ትወጣለች እንዴ?" አለች አንዷ እንግዳ። "ይቺማ ቆቅ ናት፤ ዶሮ ታክላለች።"

"የደጋ ድርጭት ናት፣ እቱ። ብርዱ ያወፍራታል።"

ብርድ የሚያወፍር ቢሆን በጎቼን ሁሉ እዚያ አሳድራቸው ነበር።

ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ገብስ በደቦ ይታጨዳል። ዙሪያውን ጨርሰው መሃሉ ላይ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ድርጭት አጫጅ ሲመጣባት የምትሸሸው ወደዚያች ወዳልታጨደችው ነውና መኪናውን አስቆምኩ። አጫጆቹ ሲገቡባት፣ ከጭብጥ የማትበልጥ፣ ጀርባዋ ገለባ የመሰለ ወፍ ከእግራቸው ሥር ብር ብላ ተነሳች፤ ዝቅ ብላ በርራም ቀጥሎ ካለው ማሳ ገባች። እንግዶቹ በደስታ ጮኹ።

የእህቴ ባል አላያትም። ጀርባውን ሰጥቶ ለሾፌሩ ስለ ደጋ ድርጭት ያስረዳል።

በማግስቱ እንግዶቹ ከአጫጆቹ አንዱን ይዘው ወጡ። የእህቴ ባል ዛሬም፣ "ከተራራ ላይ ያሳየኋቸውን ንቀው የገለባውን ወደዱ" እያለ ያዝንላቸዋል።