ስክሪኑ የጣለው ንጉሥ

«...የንጉሡን ካርድ ነው የነካሁት፣ ማለቴ፣ በደንብ ነው የነካሁት» ይላሉ ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ፣ ከኦክላሆማው ቁማር ቤት፣ ከካዚኖው፣ ይዣቸው ስመለስ።

ዛሬ «ኖር» ብዬ የምጫወትበትን የፖከር ቁማር ማሽን የለቀቅሁላቸው እኔ ነኝ። «ቁልፉ አይሠራም፣ ስክሪኑን ይንኩ» አልኳቸው። ስክሪኑ የነኩትን ካርድ ትቶ ጎኑ ያለውን ያዘ። ያልተያዘ ካርድ ይጣላልና ንጉሣቸው ሄደ፤ ተበሉ።

ለሽማግሌ ከመነሳት በፊት ማሽኑን መፈተሽ ሳይሻል አይቀርም።

«ባለቤቴ አልማዝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ካዚኖ ብትሄድ ጥዬህ ፍሪስኮ ከተማ ልጄ ጋ እገባለሁ ብላኛለች» አሉ። «ሶ፣ እንግዲህ የተበላሁት ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እላታለሁ።»

የተከለከሉት ግን መበላቱን ሳይሆን መሄዱን ነበር።

እናንተስ እንዲህ ያለ ስክሪን ገጥሟችኋል? ደክሞኛል፣ ግን ጻፉልኝ።

ሰፈራችን ቤድፎርድ ስንደርስ የልጃቸው መኪና ደጃቸው ቆሟል። እትዬ አልማዝ ሻንጣቸውን መኪናው ውስጥ አስገብተው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። የመኪናው በር ተዘጋ።