የቅሬው ዕቃ ቤት ሦስተኛው ጓጉንቸር

ቁልፍ ቀረጻ የጀመርኩ ዕለት አሠሪዬ ማሽኑን እንድነካ አልፈቀዱልኝም። ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ሱቃቸው በር ላይ አቁመው፣ «ዛሬ ሥራህ የሚመጣውን ሰው ማየት ብቻ ነው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ቤቱ ተቆልፎበት መጣ። «ጎረቤትህን ይዘህ ና» አሉት። ሰውየው ተሳድቦ ሄደ፤ አልተመለሰም። «ቤቱ የሱ አልነበረም ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ? ስለማላውቅ ነው ጎረቤት የምጠይቀው» አሉኝ።

ሞረድ፣ ሞርሳና የታጠፈ ሽቦ መያዝ ከተማርኩ በኋላ አገሬ ላሊበላ ገብቼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ደንበኞቼ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፣ አስጎብኚዎች፣ ነአኩቶ ለአብ ደርሰው ሲመለሱ የሻንጣ ቁልፍ የሚጥሉ ተሳላሚዎች ናቸው። ሥራው እንጀራ ነው እንጂ ወሬ የሚወጣው አይደለም። የአያ ሞላ ነገር ግን ወሬ ወጣው።

በሰፈራችን ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር እድር ይለዋል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድንኳኑ፣ ድስቱና አስከሬን የምንሸከምበት ቃሬዛ ይቀመጣል። በሩ ሦስት ጓጉንቸር አለው። አንዱን ቁልፍ ዳኛው፣ አንዱን ጸሐፊው፣ አንዱን ዕቃ ጠባቂው አያ ሞላ ይይዛሉ። ሦስቱ ካልቆሙ አይከፈትም። አያ ሞላ ደረቅ ሰው ነበሩ። «ቁልፍ ያጠፋ ከቅሬው ይወጣል» የሚለውን ደንብ ያስወጡት እሳቸው ናቸው። ከቅሬ የወጣን ደግሞ ማንም አይቀብረውም።

አንድ ቀን አያ ሞላ ሱቄ ገብተው በሩን መለሱት።

«ልጄ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አሉ። ከአንድ ቀብር በኋላ ሳህን ሲያስገቡ ቁልፋቸውን ቃሬዛው ላይ አንጠልጥለው ወጥተዋል። ጓጉንቸር ጫን ሲሉት ያለ ቁልፍ ይዘጋል። «ሌላ ቅረጽልኝ።»

«ጓጉንቸሩ የቅሬው ነው፣ አያ። ዳኛው ይፍቀዱ።»

«ዳኛውማ ከሰማ ያስወጣኛል። ደንቡ የኔ ነው!»

«እንግዲያው ምን ላድርግ?»

«ለማንም አትናገር። ራሴው እነግራቸዋለሁ።»

ቃል ገባሁላቸው። በዚያው ሳምንት ሞቱ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ሰው ሁሉ ቁልፍ ይፈልጋል። ድንኳኑም ቃሬዛውም ዕቃ ቤት ተቆልፎባቸዋል፤ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ዝናቡ ጠቁሯል። ሚስታቸው እትዬ ዘነቡ እያለቀሱ ሣጥን ይገለብጣሉ። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቁልፉ ከጠፋ በራሳቸው ደንብ ከቅሬው ወጥተዋል። ልንቀብራቸው አንችልም» አለ። እትዬ ዘነቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አንዱ ደግሞ ከኋላ፣ «ምናልባት አንገታቸው ላይ ይሆናል፤ ግንዙ ይፈታ» አለ።

ሳቄ መጣ፤ በሳቄም አፈርኩ። ቁልፉ የት እንዳለ ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብናገር አደራ በላሁ፤ ጸሐፊውም «ይኸው ጥፋታቸው» ብሎ ይፈርድባቸዋል። ዝም ብል አስከሬን ሊፈታ ነው።

«ቤታቸው ተፈተሸ፤ የሚሠሩበትስ ቦታ?» አልኩ። «ዕቃ ቤቱ ሳይፈተሽ ጠፋ አይባልም። ሦስቱ ይቁሙልኝና እኔ በሽቦ እከፍተዋለሁ።»

«ሦስተኛው እኮ ሟቹ ናቸው» አሉ ዳኛው።

«እትዬ ዘነቡ ይተኳቸው።»

ጸሐፊው እጁን አወዛወዘ። «ምትክ የሚቆመው ከቀብር በኋላ ነው። ሳይቀበሩ በቅሬው ዘንድ አልሞቱም።»

ሰው ተከራከረ። ግማሹ ሞተዋል አለ፣ ግማሹ ገና ናቸው አለ። እትዬ ዘነቡ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያያሉ። በመጨረሻ የነፍስ አባታቸው ብድግ አሉ። «እኔ ፍትሐት አድርሻለሁ። በእኔ በኩል ሞተዋል» አሉ። ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

እትዬ ዘነቡ ተደግፈው ከበሩ ፊት ቆሙ። ዳኛውና ጸሐፊው በየቁልፋቸው ከፈቱ። ሦስተኛውን እኔ በሽቦ ነካካሁት፤ ብዙም አላስቸገረኝ። በሩ ሲገፋ ቁልፉ የቃሬዛው እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ታየ።

ዳኛው ቆባቸውን አወለቁ። «አያችሁ? አስረክበው ነው የሞቱ» አሉ። በሦስት ጓጉንቸር የተዘጋ ቤት ቁልፍ ውስጥ እንዴት እንደገባ የጠየቀ የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ «የጻድቅ ሥራ ነው» ብለው አማተቡ። ጸሐፊው ራሱ ቃሬዛውን ከፊት ተሸከመ፤ ዝናቡ ሳይጥል ቀበርናቸው።

ከአርባቸው በኋላ እትዬ ዘነቡ ሱቄ መጡ።

«አንተ ዘንድ መጥቶ ነበር?»

«የደንበኛ ነገር አልናገርም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው መጥቶ ነበር» አሉ። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «በዚያ ሳምንት እህል አልበላለት፣ እንቅልፍ አልወስደው አለ። ምን ሆነህ ብለው አይናገርም። ለኔ ቢነግረኝ አብረን ስቀን ይወጣለት ነበር።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ይህን የጻፍኩት እሳቸው «ስማችንን ለውጠህ ጻፈው» ስላሉኝ ነው። ባይሉኝ አልጽፈውም ነበር። ደንበኛ ሲሞት ምስጢሩን ቁልፍ ሠሪው አይወርስም።