የደጉ መልክ በጠመኔና በከሰል

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓ.ም. ደጉ እናቱ ቦጋለች አሰላ ገበያ ዳር ባላት ሱቅ ስኳር ይመዝን ነበር። ይመዝን ነበር ማለትም ይከብዳል፤ እጁ ሚዛኑ ላይ፣ ዓይኑ የደንበኛው ፊት ላይ ነው። የአንዱን ጉንጭ፣ የሌላዋን አገጭ ሲያጠና ስኳሩ ይፈስሳል። አዲስ አበባ አንድ የሥዕል መምህር ተማሪ ሊቀበል ነው፣ የሚፈልግ የራሱን መልክ ስሎ ይላክ ሲባል ቢሰማ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ሱቅ የሚወጣበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ከስሚንቶ ከረጢት ውስጠኛውን ወረቀት ለይቶ አራገፈ፤ ጠመኔ ከትምህርት ቤት ለመነ፤ ከሰል ከምድጃ ለቀመ። መስተዋቱን መስኮቱ አጠገብ ሰቅሎ ሳምንት ሙሉ ታገለ። ብርሃን ያረፈበትን ጉንጩን በጠመኔ አወጣው፤ ሌላውን ጎን ከነዓይኑ በከሰል አጨለመው። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ ያለው ራሱ ደጉ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪና ሾፌሩ አብዶ ሥዕሉን አዲስ አበባ ሊወስድለት ነው። ደጉ ማሰሪያ ገመድ ፍለጋ ወጣ። ቦጋለች ሥዕሉን ያየችው ያኔ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ኃጥአን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ከልጅነቷ ታውቃለች። አንድያ ልጇ ራሱን ከኩነኔ ወገን ቆጥሮ! በጥላው ላይ ጠመኔ ለቅልቃ፣ ከሰሉን በምራቋ አርሳ፣ ትልቅ ክብ ዓይን ሣለችለት።

ሲመለስ እንባዋን እየጠረገች፣ «እንኳን አየሁት፣ የኔ ልጅ። አሁን ሰው ሆንክ» አለችውና ልትሳለም ሄደች።

ደጉ እናቱ የሣለችውን ዓይን በዳቦ ልብ ሊያጠፋው አሸት አሸት ቢያደርግ ወረቀቱ ተቀደደ። ውጭ የአብዶ መኪና ጥሩምባ ጮኸ።

«ደጉ፣ ኮቱ፣ ና እንጂ! ወላሂ ጥዬህ ነው የምሄድ!»

በመስኮት እጁን አወዛወዘ፤ ሂድ በቃ። መኪናው በአዲስ አበባ መንገድ ወደ ኢተያ ወረደ። መምህሩ ሥዕል የሚቀበልበት ቀን በማግስቱ አበቃ። ደጉ የተቀደደውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተተው።

«ላክኸው?» አለችው እናቱ ስትመለስ።

«ላክሁት፣ እማዬ።»

ምን ይበላት? አብዶንም አፉን እንዲይዝ ለመነው። ቦጋለች ግን ስለት ተስላ ነበርና መኪናው በገባ ቁጥር በር ላይ ቆማ፣ «መልስ አልመጣም?» ትላለች። ክረምቱ ወጣ፣ ሌላም ክረምት ገባ። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ምናልባት እኔ የሣልኩት ዓይን ይሆን ያስጠላቸው?»

«ኧረ እማዬ» አላት፣ «ከሥዕሉ ሁሉ እሱ ነበር የሚያምረው።»